መሪጌታና ባለ ሁለት በሯ ጣሊያን

ሰው መኪና የሚገዛው ካሰበበት ለመድረስ ነው ይባላል። እኔ የገዛሁት ለመታየት ነው፤ በዚህ በኩል ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ታይቻለሁ። ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ያለ ሕዝብ፣ ገበያ የወጣውም ያልወጣውም፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ አይቶኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል የማወጣ፣ ያወጣሁትንም መልሼ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሰላምታ ካበዛሁ አሥራ አምስት። እንግዲህ ይህን የመሰለ ረጅምና አድካሚ ጉዞ በየቀኑ ያለበት ሰው፣ የጣሊያን ሀብታሞች በባሕር ዳርቻ እንዲንሸራሸሩባት የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለ የስፖርት መኪና ቢያስፈልገው ማን ይፈርድበታል?

መኪናዋ የነበረችው ሐጂ ሰይድ ግቢ ነው። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ግቢያቸው ውስጥ አቁሟት "እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ፤ በኋላ ደግሞ "ለእርስዎ ትሁን" ብሎ ወረቀቷን ላከላቸው። ሸራውን ገልጠው ሲያሳዩኝ የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች።

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ" አሉኝ ሐጂ። "ወላሂ፣ ለሰው አልመክራትም። ዶሮዎቹ ግን ለምደዋታል።"

ዛሬ ሳስበው እንደ እሳቸው ያለ ሐቀኛ ሻጭ በሕይወቴ አልገጠመኝም። ያን ቀን ግን "ሐጂ እንዳልወስድባቸው ፈርተው ነው" አልሁና ጭራሽ ቸኮልሁ። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ ይህን ባለቤቴ ልታነበው ትችላለች።

የዚህች መኪና ጣጣ አንድ አለመሆኗ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለ እሷ የተጻፈውን አሳትሜ ሳነብ እህትማማቾቿ ብዙ ናቸው። ትንሽ ሞተር ያላት ታናሺቱ አለች፤ ትልቅ ሞተር ያላት ታላቂቱ አለች። ፊቷ ላይ ሁለት መብራት ያላት አለች፣ አራት ያላትም አለች። አፍንጫዋ ላይ እንደ ደረጃ ያለ ስብራት ያላት አለች፣ ለስላሳም አለች። ጣራዋ የሚገለጥም አለች። ከሁሉም ጫፍ ላይ ደግሞ ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራች፣ እንድትቀል ተብሎ ቆርቆሮዋ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በዓለም ላይ በጣት የምትቆጠር አንዲት ጉደኛ አለች። ወረቀቱን ይዤ ግቢ ወጣሁና የመኪናዬን በር በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴ ገባ።

"እሷ ናት!" አልሁ። እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ፋይል ከፈትሁላት፤ ቁጥርም ሰጠኋት። ፋይል ፈልጎ ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ በታናሺቱና በታላቂቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳላስረዳ ጉዳዩን አልፈጽምለትም ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልዩነቱ አልገባትም።

"ስንት ሰው ትይዛለች?" አለችኝ።

"አራት።"

አጎንብሳ የኋላውን ወንበር አየችው። "ከኋላ የሚቀመጡት እግራቸውን የት ያደርጉታል?"

"እሱ ዝርዝር ነው" አልኋት።

መካኒኩ አንድ ወር ሙሉ ሲፈታት ሲገጥማት ከረመ። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሚታው፣ የተበላሸው ነገር ሁሉ ስሙ ጣሊያንኛ ስለነበር እኔ እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ባህል ልውውጥ ነበር የማየው። በመጨረሻ ተነሣች። ድምፅዋ እስከ ገበያው ተሰማ።

አሁን መሪጌታ ውበቱን ላስተዋውቃችሁ። የባለቤቴ አባት ናቸው። ጉና ተራራ ሥር ባለው ደብራቸው አርባ ዓመት ማኅሌት ቆመዋል፤ ያ ብርድና ያ አቋቋም ተጋግዘው ጉልበታቸውን በሉት። ከካቻምና ጀምሮ ሌሎቹ ሲያሸበሽቡ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸው ቆሞ እግራቸው ተቀምጦ ማለት ነው። ለዚያ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የገባኝ አንድ በዓል ላይ ነው። መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የሌላውን እግር ሲያዩ አየኋቸው፤ ዐይኔን መለስሁ።

እኔን በተመለከተ አስተያየታቸው አጭር ነው። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። "ያ መዝገብ ቤቱ ደኅና ነው?" ይሏታል።

የደብሩ ንግሥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐኪሙም ጎረቤቱም ተስማምቶ "ወንዛዬ ፍል ውኃ ይንከሩ" አላቸው። በበቅሎ እኛ ቤት ድረስ ወረዱ። ጥሩወርቅ የሚኒባስ የፊት ወንበር ልትይዝላቸው ስትነሣ፣ እኔ ደረቴን ነፋሁ።

"መሪጌታን የሚያህል ሰው በሚኒባስ? ከዶሮና ከድንች ጋር ተጣብቆ? እኔ ምን ሠርቼ ነው የምኖረው?"

"ልክ ነህ፣ ምን ሠርተህ ነው?" አለች። እንደ ድጋፍ ቆጠርሁት።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት።

"በሩ የት ነው?"

"ይኸው አባቴ።"

"ይህማ መስኮት ነው።" ጎንበስ አሉ። "ወንበሩስ?"

"ከታች ነው፤ ዝቅ ይበሉ።"

"ከምድር በታች?"

አንድ እግራቸውን አስገባን፤ ሌላው አልታጠፍ አለ። ያንን ስናጥፍ የመጀመሪያው ወጣ። ጥሩወርቅ ከጎን ስባ፣ እኔ ከኋላ ደግፌ፣ በመጨረሻ ድብ ብለው ተቀመጡ። ጥምጥማቸው ከጣራው ጋር ስለተጋጨ አንገታቸው ወደ ግራ ተጋደመ። መቋሚያው አልገባ ብሎ በመስኮት ወጣ።

"ሎቱ ስብሐት!" አሉ ጣራውን እያዩ። "ልጄን የዳርሁለት ሰው በቁሜ የሬሳ ሣጥን ውስጥ አስተኛኝ።"

ጥሩወርቅ ስንቁንና የውኃ ጀሪካኑን ታቅፋ፣ ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ የኋላውን ወንበር ያዘች። እግር የት እንደሚደረግ ያን ጊዜ ታወቀ።

ቁልቁለቱን አልደብቃችሁም፤ ውብ ነበር። አለም በር እስክንደርስ አንድ አይሱዙ ቀደምሁ። አንድ ሚኒባስም ቀደምሁ፤ ሹፌሩን እንዳላየሁት ሆኜ አየሁት። ልቤ ሞቀ፤ ምላሴም ተፈታ።

"አባቴ፣ ይህች እኮ ተራ መኪና አይደለችም። ከዓይነቷ በዓለም ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።"

"ምነው፣ የቀሩትን ምን አገኛቸው?" አሉኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ስንወርድ፣ ወረታ ከመግባታችን በፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ጭስ የመሰለ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። መስታወቱ ተሸፈነ። ዳር ያዝሁ።

"ደረስን እንዴ?" አሉ መሪጌታ በእርጋታ። "ፍል ውኃው ይኸው ይታየኛል።"

ጀሪካኑ ከወንዛዬ ውኃ ሊመጣበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ለራዲያተር ውኃ መቅዳት ሆነ። ከሩዝ ማሳ ቦይ፣ ከምግብ ቤት በርሜል፣ ከአንድ ደግ ገበሬ ኮዳ እየሞላን፣ ትንሽ እየሄድን ብዙ እየቆምን ሐሙሲት ገባን። ያ የቀደምሁት ሚኒባስ ሦስት ጊዜ አለፈን፤ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይመላለስ ነበር መሰለኝ። ሹፌሩ በእያንዳንዱ ጊዜ እጁን እያውለበለበ በጣም በትሕትና ሰላም ይለኛል።

ሐሙሲት በገበያ ቀን ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። መንገዱ ሰውና አህያ ነው። መካከል ላይ አስፋልቱን አቋርጦ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ሌላው መኪና ሁሉ ፍጥነት ቀንሶ ያልፈዋል። እኔም ፍጥነት ቀንሼ ወጣሁበት። አላለፍሁም።

የፊት ጎማዎቿ ወዲያ፣ የኋላዎቹ ወዲህ ሆነው፣ ሆዷ ጉብታው ላይ ቁጭ አለ። ከሥር አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ወደቀ፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው። ሞተሩ እንደ ወፍጮ አጓራና ጠፋ። ወዲያው ከኋላችን አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ተሰለፈ፤ ክላክሱ ቀለጠ። ገበያተኛው ሽንኩርቱን ትቶ ከበበን። "ጎማውን አስተንፍሱት!" ይላል አንዱ። "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" ይላል ሌላው። ትራፊክ ፖሊሱ መጣና መንገድ ዘግተሃል አለኝ፤ ጉብታው ነው የዘጋው አልሁት፤ ጉብታው መንጃ ፈቃድ የለውም አለኝ። እዚህ ላይ ክርክራችን እየጣመኝ መጥቶ ነበር።

"ቤንዚን ይሸታል!" አለ አንድ ሰው።

አጎንብሼ አየሁ። ከሆዷ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከላይ ሞተሩ እንደ ምድጃ ግሏል። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጥሩወርቅ በእኔ በኩል ተሹለክልካ ወጣች። መሪጌታ ግን በቀኝ ናቸው። ሮጬ ዞርሁና በሩን ሳብሁት። መኪናዋ ሆዷ ላይ ስትቀመጥ ተጣማለችና ንቅንቅ አላለም። በሙሉ ኃይሌ ሳብሁት፤ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

"አባዬ ውስጥ ነው!" ብላ ጥሩወርቅ ጮኸች። ያንን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ከዚህ ቀደም ስላቅ ያጣሁበት ቀን አላስታውስም። ያን ጊዜ ግን ቀልዱ ሁሉ ከውስጤ ተሟጥጦ ወጣ። አርባ ዓመት የቆመ ሰው፣ በእኔ ለመታየት መፈለግ የተነሣ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊቃጠል ነው። እሳቸው አልጮኹም። አንገታቸው እንደተጋደመ በመስኮት አዩኝና "ልጄን ከአጠገቤ አርቃት" አሉ።

"ዞር በል! ሲጋራህን አጥፋ አንተ ሰውዬ!" የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ሕዝቡን በክርኗ እየከፈለች የደረሰችው መንገዱ ዳር ጭማቂ ቤት ያላት ሶፊያ ናት። ከዐረብ አገር ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። እጇ ላይ የብርቱካን ጭማቂ አለ። በሩን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው።

"ወደ አንተ አትሳበው። ሲያረጁ ማጠፊያቸው ይወርዳል። ከሥሩ ያዝና ወደ ላይ አንሣው፣ ከዚያ ሳበው። ወላሂ እሺ ይላል፤ በል!"

ከሥሩ ያዝሁት፤ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ሳብሁት። ተከፈተ።

ከዚያ እኔን ገፍታ ተንበረከከች። "አባባ፣ አይፍጠኑ። ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ወደ እኔ ያዙሩ። እንዲያ። አንገቴን ይያዙ። አሁን።" አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርጋቸው መሪጌታ አስፋልቱ ላይ ቆመው ነበር። ጠዋት ለሦስት ደቂቃ ሙሉ ሁለት ሰው ሆነን የታገልነውን ነገር!

"የአሠሪዬን አባት በየቀኑ ከመኪና የማወጣ የማስገባ እኔ ነበርሁ" አለች፤ ልብሷን እያራገፈች።

አንድ ሰውም ልካ የልብስ ሳሙና አስመጣች፤ አንዱ ከሥር ገብቶ የተቀደደውን የቤንዚን ቋት በሳሙና ደፈነው። ጠብታው ቆመ። ጥሩወርቅ አባቷን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጥሁ፤ እጀታው አሁንም እጄ ላይ ነው። መሪጌታ አዩኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ይማራል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። እኔ ግን ትንፋሼ እንደተመለሰ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ምን እንደነበረ ልናገር፤ ካፈርሁ አይቀር። ሶፊያ መኪናዋን እየዞረች በመዳፏ ስትነካካት አየሁና፣ "ስለ እነዚህ ታውቂያለሽ እንዴ?" አልኋት።

"አሠሪዬ ሰባት ነበሩት። ስድስት ዓመት በየማለዳው ያጠብኋቸው እኔ ነኝ። ዐይኔን ጨፍኜ በጨርቅ ስነካቸው የቷ የቷ እንደሆነች አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይህች የትኛዋ ናት?"

ሕዝቡ ጠጋ ጠጋ አለ። ፖሊሱ ሳይቀር ደብተሩን አጠፈ።

"አፍንጫዋ የታናሺቱ ነው" አለች ሶፊያ። "ጅራቷ የታላቂቱ ነው። የግራ በሯ የራሷ ነው፤ ይህ የቀኙ ግን ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ ነው። እስቲ ኮፈኑን ክፈተው።"

ከፈትሁት። አጎንብሳ አየች፤ ከዚያ በጣም ያዘነችልኝ መሰለች። "ይህ ሞተር የሚኒባስ ነው" አለች።

ያ ሰላምተኛ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ መጣና አንገቱን አስገብቶ አየ። "የእኔው ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ። "አንድ ፋብሪካ ነን! ለዚህ ነው ስታልፈኝ ድምፁን የለየሁት!" ገበያው በሳቅ ተናጋ።

"ቆርቆሮዋ ግን የሳሳ ነው" አልሁ፤ ድምፄ አንሶ። "የእሽቅድምድሟ አይደለችም?"

ሶፊያ በሩን በጣቷ ነካችው። ጣቷ ገባ። "ወንድሜ፣ ይህ ዝገት ነው።"

ያን ጊዜ መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። "ከሚኒባስ አድንዎታለሁ ብለህ በሚኒባስ አመጣኸኝ በላ!" አሉና፣ እሳቸውም ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጥሩወርቅ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ምን ላድርግ? ሳቅሁ።

መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው። ስምንት ጎረምሶች መኪናዋን ከጉብታው ሊያነሡ ከበቧት። አንዱ "አንድ፣ ሁለት" ሲል ሌላው ቀድሞ አንሥቷል፤ እሱ ሲለቅ ወዲያኛው ያነሣል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ጉብታው ላይ ቁጭ አለች። መሪጌታ ይህን መታገሥ አልቻሉም። አርባ ዓመት ሰውን በአንድነት ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ ሲያይ ያመዋል።

"እንዲህ ነው እንዴ የሚነሣ? ተዉት! እጃችሁን አንሡ!" አሉና የጥሩወርቅን ክንድ ለቀው ወደ መሐል ገቡ። "መቋሚያዬን ስሙ። ሳወርድ ትንፋሽ ትስባላችሁ፤ በሦስተኛው ሳነሣ ታነሣላችሁ። ከእኔ የቀደመ ወየውለት!"

መቋሚያው አስፋልቱን መታ። ወደ ላይ ወጣ። ደግሞ መታ። በሦስተኛው ሲያነሡት ስምንቱም እንደ አንድ ሰው ተነሡ፤ ያች ጣሊያን ከጉብታው ላይ እንደ ላባ ከፍ ብላ ወዲያ ማዶ ዐረፈች። ገበያው አጨበጨበ። መሪጌታ ያለ ግድግዳ፣ ያለ ሰው ድጋፍ ቆመው ገና መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ራሳቸው አላወቁትም። ጥሩወርቅ አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እንዳልናገርም በዐይኗ ከለከለችኝ።

እዚህ ላይ እንዳታስቡ ልንገራችሁ፤ ወንዛዬ ደርሰናል። በዚያው በሚኒባሱ ሹፌር ዘመድ መኪና ሄደን መሪጌታ ሦስት ቀን ተነከሩ። ጉልበታቸው እንደ ልጅ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለንግሡ ግን ማኅሌቱን እኩሌታውን ቆመው፣ እኩሌታውን ተቀምጠው አደረሱ። የፍል ውኃው ነው ወይ ሲሏቸው፣ "ከዚያ ሣጥን ለወጣ ሰው መቆም ቀላል ነው" ብለዋል አሉ።

ወደ ሐሙሲት እንመለስ። መኪናዋ አልነሣ አለች። የሶፊያ ግቢ ከገበያው ማዶ ነው፤ እስክትጠገን እዚያ ትቁም ተባለ። ሰው ሊገፋ ተዘጋጀ፤ እኔም እንደ ባለቤትነቴ መሪውን ልይዝ በሩን ስከፍት ሶፊያ ጠጋ አለችኝ። ያ ሁሉ ትእዛዝ ከድምፅዋ ጠፍቷል።

"አንድ ነገር ልለምንህ? ስድስት ዓመት ሳጥባቸው አንድ ቀን ተቀምጬባቸው አላውቅም። ክልክል ነበር። ውስጣቸውን የማጸዳው እንኳ ውጭ ተንበርክኬ ነው።"

ቁልፉን ሰጠኋት። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ወንበሩን አስተካከለች፤ መስታወቱን አስተካከለች፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች።

እኔ አሁንም በሩ ሥር ቆሜያለሁ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉ። "ምን ትጠብቃለህ? ግፋ እንጂ።"

ሄጄ ከኋላ ገፋሁ። መሪጌታ ከፊት ከፊት ቀስ እያሉ አህያውንና ሰውን በመቋሚያቸው ያስለቅቃሉ። ሶፊያ ሻሿን አስተካክላ፣ ክርኗን በመስኮት አውጥታ፣ ሳያስፈልግ ክላክስ ታሰማለች፤ ሽንኩርት ሻጮቹ ስሟን እየጠሩ እልል ይላሉ። ላቤ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ እኩል ይራመዱ ነበር።

"መኪናዪቱ ታምራለች" አሉኝ። "የማናት?"

ቀና ብዬ አየኋት፤ ጎንበስ ብዬ ገፋሁ።

"እኔ እንጃ አባቴ" አልኋቸው። "እኔ ገፊ ነኝ።"